ያመፀው ወይስ ያስታመመችው? በዲስቶፒያ ልብ ወለድ የሰው ሕይወት ዋጋ በምን ይለካል

ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኛዬ ሁለት መጻሕፍት አንብበን ተከራከርን። አንዱ የጆርጅ ኦርዌል “1984” ነው። ሌላው የካዙኦ ኢሺጉሮ “ኔቨር ሌት ሚ ጎ” ነው። እኔ የምለው፣ የኦርዌሉ ዊንስተን ስሚዝ አገሩን በሚገዛው ፓርቲ ላይ ስላመፀ ለሕይወት ትልቅ ዋጋ ይሰጣል። የኢሺጉሮዋ ኬቲ ግን ዝም ብላ የታዘዘችውን ትፈጽማለች። የሚያግዳት አጥር ሳይኖር እንኳ አታመልጥም። ስለዚህ ለገዛ ሕይወቷም ዋጋ አትሰጥም። ጓደኛዬ ደግሞ “ሁለቱም በመጨረሻ ተሸንፈዋል፤ መጻሕፍቱ የሚሉት ሕይወት ዋጋ የለውም ነው” ትላለች። ማናችን ነን ልክ? ንጽጽሩን በጽሑፍ ልናቀርብ ነው። ከየት እንጀምር? ሦስተኛ መጽሐፍ ብንጨምርስ?»

መልስ፦ ሁለታችሁም ያነሳችሁት ቁም ነገር ነው። የእኔን አቋም ግን ከመነሻው ልንገራችሁ። ማመፅ ብቻውን ለሕይወት የሚሰጥ ዋጋ መለኪያ አይሆንም። ገጸ ባሕርይ ሲያምፅ ስለ ሥልጣን ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። ስለ ሰው ሕይወት ምን እንደሚያስብ የምናውቀው ግን ምንም ሊጠቅመው የማይችል ሰው ፊቱ ሲቆም ነው። የሚሞት ሰው፣ የተራበ ሰው፣ ያበቃለት ሰው። በዚህ ካየናቸው ኬቲ ከዊንስተን ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። ዊንስተንም ቢሆን ትልቅ የሚሆንበት ሰዓት አለው። ያ ሰዓት ግን እናንተ የጠቀሳችሁት የአመፁ ሰዓት አይደለም።

ገጸ ባሕርያቱን ከማነጻጸራችሁ በፊት ዓለማቸውን አነጻጽሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ዲስቶፒያ፣ ማለትም የከፋ ዓለም በምናብ የሚሥል ልብ ወለድ፣ ሁሉ «ሰው የሚረክስበት ዓለም» ይባልና ይታለፋል። ሰው የሚረክስበት መንገድ ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ገጸ ባሕርዩ የሚታገለውም ያንኑ የራሱን ዓለም መንገድ ነው።

የአልደስ ሀክስሊን «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ውሰዱ። በ1932 የወጣ ነው። እዚያ ሰው የሚወለደው በፋብሪካ ነው። ከአንድ እንቁላል እስከ 96 መንትዮች ይወጣሉ። የማምረቻው ዳይሬክተር ሐሳቡን ሳይደብቅ ይናገራል። ግድያ የሚያጠፋው አንድ ግለሰብ ብቻ ነው፤ ግለሰብን ደግሞ እንደገና መሥራት ቀላል ነው ይላል። ሬሳ ሲቃጠል ከጭሱ ፎስፈረስ ይሰበሰባል። ከአንድ አዋቂ ሬሳ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይገኛል። ሰዎቹ በሄሊኮፕተር እየበረሩ ይህን ያወራሉ። ከሞትን በኋላም እንጠቅማለን ብለው ደስ ይላቸዋል። እዚህ ዓለም ሰው የረከሰው ምትክ ስላለው ነው።

የቭጌኒ ዛሚያቲን በ1920 እና በ1921 በጻፈው «እኛ» ደግሞ ሰው ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ተራኪው ዲ-503 የጠፈር መርከብ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። በአንድ የሞተር ሙከራ ላይ አሥር ያህል ሰዎች ከሥር ቆመው ይቃጠላሉ። እሱ ሥራው ለአፍታ እንኳ አለመቋረጡን በኩራት ይጽፋል። አሥር ሰው ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲሰላ ከቁጥር አይገባም። ለእነሱ ማዘን ሒሳብ ያልገባቸው የጥንት ሰዎች ጠባይ ነው ይላል። ሌላ ቦታ በጣም ስሱ የሆነ ሰው ነው ይህን የሚጽፈው።

በ1949 የታተመው «1984» ሰውን የሚያረክሰው በመሰረዝ ነው። ይህን የሚሠራው ደግሞ ራሱ ዊንስተን ነው። ዊዘርስ የሚባል ባለሥልጣን ከፓርቲው ይጣላል። ዊንስተን የቆየውን የጋዜጣ ጽሑፍ እንዲያርም ይታዘዛል። ኦግልቪ የሚባል፣ ከናካቴው ኖሮ የማያውቅ ጀግና ከራሱ ይፈጥራል። ዊዘርስ ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል። መጽሐፉ ላይ የዊንስተን ትልቁ የሕይወት ደስታ ሥራው ውስጥ እንደሆነ ተጽፏል። ይህችን ዓረፍተ ነገር አስምሩባት። ዓመፀኛው ጀግናችሁ ሰው እየሰረዘ ነው የሚውለው፤ ጎበዝም ነው።

በ2005 የወጣው «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ከሁሉም ይለያል። እዚያ የልጆቹ አካል እጅግ ውድ ነው። በክሎን የተፈጠሩት የሰውነት ክፍላቸው ለሌሎች እንዲሰጥ ነው። ስለዚህ በሄልሻም አዳሪ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይመረመራሉ። ሲጋራ ጨርሶ ክልክል ነው። የሼርሎክ ሆምስ መጻሕፍት እንኳ ከቤተ መጻሕፍቱ የጠፉት ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ስለሚያጨሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ጥበቃ ዊንስተን አግኝቶ አያውቅም። እሱ እግሩ ላይ ቁስል ይዞ፣ ጠዋት ጠዋት እያሳለ ነው የሚኖረው። ኬቲ የምትጠበቀው ግን ለሌላ ሰው ነው። ኩላሊቷ ይፈለጋል። እሷ አትፈለግም።

እንግዲህ «ለሕይወት ዋጋ መስጠት» ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። ለዊንስተን «ይህ ሰው ነበረ» ብሎ መመስከር ነው። ለኬቲ «ይህ ሰው ከሚወሰድበት አካል በላይ ነው» ብሎ መኖር ነው። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ብቻ፣ አመፁ ወይስ አላመፁ በሚለው ብትለኩ፣ ለአንዱ ዓለም የተሠራ ጥያቄ ለሌላው እያቀረባችሁ ነው።

አሁን ዊንስተንን በቅርብ እንየው። ከፍቅረኛው ከጁሊያ ጋር ኦብራየን የሚባል የፓርቲው ባለሥልጣን ቤት የሄዱበትን ምሽት አስታውሱ። ፓርቲውን በምስጢር የሚታገል ማኅበር አባል መስሏቸው ነው። ወይን ይቀዳላቸዋል። ከዚያ ኦብራየን ይጠይቃቸዋል። ሰው ለመግደል ዝግጁ ናችሁ? በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን የሚያልቁበት ጥፋት ለመፈጸም? ለዓላማው የሚጠቅም ከሆነ በሕፃን ፊት ላይ አሲድ ለመድፋት? ዊንስተን ለሁሉም አዎ ይላል። እምቢ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱና ጁሊያ ተለያይተው ዳግም ላለመገናኘት። እሱንም ቀድማ እምቢ ያለችው ጁሊያ ናት። እሱ መልሱ እስኪወጣ ድረስ ይቆያል።

በኋላ እስር ቤት ውስጥ ዊንስተን በሞራል እበልጣችኋለሁ ሲል፣ ለካ የፓርቲው ሰው የነበረው ኦብራየን የዚያን ምሽት ድምፁን ቀድቶት ኖሮ መልሶ ያሰማዋል። ዊንስተን የሚመልሰው የለውም። ኦርዌል ይህን ትዕይንት የጻፈው ለእንደ እናንተ ዓይነት ክርክር ነው ብል አላጋነንኩም። ፓርቲው ሰውን የዓላማ ማገዶ ያደርጋል። ፓርቲውን የሚጠላው ሰውም፣ የማያውቀውን ሕፃን የዓላማ ማገዶ ለማድረግ ተስማማ።

ብዙ አንባቢ ዊንስተንን የሚወቅሰው በክፍል 101 ነው፤ እስረኛ ከሁሉ አብልጦ በሚፈራው ነገር የሚሰቃይበት ክፍል ነው። አይጦቹን ሲያይ «ጁሊያን አድርጓት!» ብሎ ይጮኻል። እኔ በዚያ አልፈርድበትም። ሰው በዚያ መጠን ሲሰቃይ የሚናገረው ስለ ስቃዩ ነው የሚመሰክረው። ስለ አሲዱ አዎ ያለው ግን ማንም ሳይነካው፣ ብርጭቆ ጨብጦ ነው። ገጸ ባሕርይን ስትመዝኑ በነፃነት የመረጠውንና ተገዶ የመረጠውን ለያይታችሁ አስቀምጡ። ይህን አለመለየት በእንዲህ ዓይነት ጽሑፎች ላይ በብዛት የማየው ጉድለት ነው።

ታዲያ ዊንስተን ለሕይወት ዋጋ የሚሰጥበት ቦታ የት ነው? ጁሊያ አጠገቡ ተኝታ ሳለ ከሕልሙ እያለቀሰ የሚነቃበት ቦታ። ልጅ ሆኖ፣ ረሃብ በጠናበት ጊዜ፣ ቤተሰቡ ትንሽ የራሽን ቸኮሌት ይደርሰዋል። ሦስት አራተኛውን እናቱ ለእሱ ትሰጠዋለች። የቀረውን ለታናሽ እህቱ። እሱ የእህቱንም ነጥቆ ይሮጣል። እናቱ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ታስጠጋታለች። ልጅቷ እየሞተች እንደሆነ ከእናቱ እቅፍ ይገባዋል። ሲመለስ ሁለቱም የሉም። ከዚያ ወዲያ አላያቸውም።

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የሚገርመው ያ እቅፍ ነው። ቸኮሌት አላመጣም። ሞት አላስቀረም። ምንም አልለወጠም። ሆኖም ለእናቱ ማቀፍ ራሱ በቂ ነበር። ከዚያ ሳያስበው ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ቦምብ ከወደቀ በኋላ፣ መንገድ ላይ የተቆረጠ የሰው እጅ አይቶ በእግሩ ወደ ቦይ ገፍቶት ሄዷል። ያኔ ምንም አልተሰማውም። አሁን ተሰማው። ለጁሊያም ሰው ሆነው የቀሩት ፕሮሎቹ ናቸው፣ እኛ አይደለንም ይላታል። ፕሮል የሚባሉት ፓርቲው ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ድሆች ናቸው።

ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እዚህ ነው። ማስታወሻ ደብተሩም፣ የምስጢር ማኅበሩም ከዚህ በታች ናቸው። ኦርዌል ይህን ስሜት ከልብ ወለዱ በፊት ነው የተሸከመው። ወጣት ሳለ በርማ ውስጥ በቅኝ ግዛት ፖሊስነት አገልግሏል። በ1931 ስለ አንድ እስረኛ ስቅላት የጻፈው አጭር ጽሑፍ አለ። እስረኛው ወደ መሰቀያው ሲወሰድ መንገዱ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል። ሰውየው እግሩ እንዳይረጥብ ትንሽ ገለል ብሎ ያልፋል። ከደቂቃዎች በኋላ ሊሞት ነው። ተራኪው ጤነኛ ሰው መግደል ምን ማለት እንደሆነ የገባው በዚያች እርምጃ ነው። ያንን እርምጃና የዊንስተንን እናት እቅፍ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም ከንቱ ናቸው፤ ማለቴ ውጤት የላቸውም። ለኦርዌል ግን የሕይወት ክብር የሚታየው በእነሱ ነው።

እዚያው እስር ቤት ውስጥ ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። በረሃብ አጥንቱ የቀረ ሰው ወደ ክፍሉ ይገባል። በምስቴድ የሚባል፣ አገጩ የገባ ወፍራም እስረኛ ከኪሱ የቆሸሸ ቁራሽ ዳቦ ያወጣና ይዘረጋለታል። ወዲያው ከግድግዳው ጩኸት ይወጣል፤ ፖሊስ ገብቶ አፉን ይለዋል። የተራበው ሰው ደግሞ ወደ ክፍል 101 ትሄዳለህ ሲባል፣ ሚስቴንና ሦስት ልጆቼን ዓይኔ እያየ እረዱ፣ እኔን ብቻ ተዉኝ ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም አሉ። በምስቴድ አላመፀም። አቋም የለውም። ስለ ነፃነት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቁራሽ ዳቦ ዘረጋ፣ ተመታ። ንጽጽራችሁ ውስጥ ለዚህ ሰው ቦታ ካልተገኘ ንጽጽሩ ጎድሏል።

ወደ ኬቲ እንምጣ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ አስታማሚ ሆና ሠርታለች። የምታስታምመው እንደ እሷ የተፈጠሩትን ለጋሾች ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ልገሳ ላይ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የእሷም ተራ እየደረሰ ነው።

ለምን አታመልጥም? ይህን ጥያቄ ሁሉም አንባቢ ይጠይቀዋል፤ ተገቢም ነው። የኢሺጉሮ ፍላጎት ግን ማምለጥ ላይ አልነበረም። ሰው የተሰጠውን አጭር ዕድሜ ካወቀ በኋላ በምን ይሞላዋል የሚለው ነው የሳበው። ልጆቹ እውነቱን የሚሰሙት ገና ትርጉሙ ሳይገባቸው፣ በትንሽ በትንሹ ነው። ሲገባቸው ደግሞ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ሚስ ሉሲ የምትባለው አስተማሪ በግልጽ ልትነግራቸው ሞክራ ነበር። ብዙም አልቆየችም፤ ከትምህርት ቤቱ ሄደች። አጥር ያላስፈለገው ለዚህ ነው። አጥሩን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ራሳቸው ውስጥ ነው የሠሩባቸው። እንዲህ ያደገን ሰው «ለምን አልዘለልሽም» ማለት ትንሽ ጭካኔ አለው።

ስለዚህ የምትሠራውን እንይ። ሩት የልጅነት ጓደኛዋ ናት። ኬቲና ቶሚ እንደሚዋደዱ እያወቀች ለዓመታት የለያየቻቸው እሷ ናት። ኬቲ ይህን እያወቀች የሩት አስታማሚ ትሆናለች። ሩት ስትሞት አጠገቧ ተቀምጣለች። ሩት በሕመም ስትጣመም ኬቲ ዓይኗን ከእሷ አትነቅልም። ለጥቂት ሰከንድ ሩት ቀና ብላ ታያታለች፤ ማን እንደሆነችም ታውቃታለች። ኬቲ ያቺን እይታ ትይዛለች። ይኸው ነው። ሕመምተኛዋን አታድናትም። ግን ሩት ማንም ሳያያት አልሞተችም።

ቶሚ ደግሞ ከአራተኛው ልገሳ በፊት ሌላ አስታማሚ እንዲመደብለት ይፈልጋል። ኬቲ በዚያ ሁኔታ እንድታየው አልፈለገም። ያማታል። ትከራከራለች። በመጨረሻ ግን ትተወዋለች። አካሉ ላይ ከሌላው ሰው ሁሉ ያነሰ መብት ያለው ሰው፣ ቢያንስ ማን አጠገቡ እንደሚሆን እንዲመርጥ ፈቀደችለት። በዚያ ዓለም ውስጥ ለቶሚ እንዲህ ያደረገለት ሌላ ሰው አላየሁም።

አሁን ከባዱ ነገር። ኬቲ ጥሩ አስታማሚ በመሆኗ ትኮራለች። ለጋሾቼ ከሚጠበቀው በላይ ይበረታሉ፣ አይረበሹም ትላለች። የተረጋጋ ለጋሽ ለማን ይጠቅማል? ለሥርዓቱ። ኬቲ ባጽናናች ቁጥር ቢላዋው ሥራውን በሰላም ይቀጥላል። ይህን ሸሽታችሁ ብትጽፉ ጽሑፋችሁ ኬቲን ያሞግሳል እንጂ አያነባትም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ኬቲ ፊቷ ላለው አንድ ሰው ሙሉ ዋጋ ትሰጣለች፤ ለማታያቸው ብዙዎች ግን የምታደርገው የለም። ዊንስተን ተቃራኒዋ ነው። ለሰው ልጅ ታሪክና ለመጪው ትውልድ ያስባል። ኦብራየን ለምን እንጠጣ ሲለው፣ ላለፈው ዘመን ይላል። ፊቱ ያለውን አንድ ሕፃን ግን አሳልፎ ለመስጠት ይዘጋጃል። ንጽጽራችሁን እዚህ ላይ ብትተክሉት ብዙ የምትቆፍሩት አለ። «ማን ይበልጣል» ከሚለው ይልቅ «እያንዳንዳቸው ማንን አያዩም» የሚለው ጥያቄ ያዋጣችኋል።

አንድ ሦስተኛ ወገንም አለ፤ እንዳትረሱት። ሄልሻምን የሚመሩት ሚስ ኤሚሊና ማዳም። የልጆቹን ሥዕል ሰብስበው ለውጭው ሕዝብ ያሳዩ ነበር። ልጆቹ ነፍስ እንዳላቸው ማስረጃ እንዲሆን። ኬቲ ይህን ስትሰማ በመገረም ትጠይቃለች፤ ይህ ለምን ማስረጃ አስፈለገው? ነፍስ የለንም ብሎ ያሰበ ሰው ነበር እንዴ? መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ማዳም ለልጆቹ መብት ዕድሜዋን ሰጥታለች። ግን ልጆቹ ሲቀርቧት እንደ ሸረሪት ትፈራቸዋለች። ደግሞም የጠየቁት የተሻለ አያያዝ ነው፤ መታረዱ ይቁም አላሉም። የሰውን ዋጋ በማስረጃ ለማሳየት የተነሳ፣ ማስረጃው ያልተገኘለትን ሰው አስቀድሞ አሳልፎ ሰጥቷል። ሥዕል መሣል የማይችል ልጅስ?

ገጸ ባሕርይን በዚህ ረገድ ለመመርመር እኔ የምጠቀምበት አንድ መንገድ አለ። ሰው ሲሞት ማን ያለቅሳል ብዬ እጠይቃለሁ። ዲስቶፒያ ጸሐፊዎች ይህን ትዕይንት የሚተዉት ከስንት አንድ ነው። በሬይ ብራድቤሪ «ፋራናይት 451» (1953) ሚልድረድ የእንቅልፍ ክኒን ከልክ በላይ ትወስዳለች። ሐኪም አይመጣም። ማሽን የያዙ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ሆዷን ያጥባሉ። በአንድ ሌሊት ዘጠኝ አሥር እንዲህ ዓይነት ሰው እናገኛለን ብለው ይሄዳሉ። ባሏ ሞንታግ በኋላ አንድ ነገር ያስባል፤ ብትሞት እንደማላለቅስ እርግጠኛ ነኝ። ይህን ሲያስብ ያለቅሳል። የሚያለቅሰው ለእሷ አይደለም፤ አለማልቀሱ አስደንግጦት ነው። ሞንታግ የነቃው መጽሐፍ ሲያነብ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚያ እንባ ነው እላለሁ።

የሀክስሊው ጆን እናቱ ሊንዳ ሆስፒታል ውስጥ ስትሞት ያለቅሳል። አካባቢው ደግሞ ሞትን እንዲለምዱ በመጡ ሕፃናት ተሞልቷል፤ ኬክ ይታደላቸዋል። ነርሷ የምትሰጋው ለሟቿ ሳይሆን ልቅሶው የልጆቹን ሥልጠና እንዳያበላሽ ነው። በሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» (1993) የጆናስ አባት ርኅሩኅ ሰው ነው። ሕፃናት ይንከባከባል፤ ያጫውታቸዋል። ከመንትዮች በክብደት ያነሰውን ደግሞ በመርፌ ይገድላል፤ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። ጆናስ ይህን በቪዲዮ አይቶ ነው ማኅበረሰቡን ለመተው የሚቆርጠው። ስለዚህ ጥሩ ጠባይንም ለሕይወት ዋጋ ከመስጠት ጋር አታምታቱ። አባትየው ክፉ አይደለም። ሕፃኑ የማይተካ መሆኑ ግን አልታየውም።

መኖር መፈለግንም እንዲሁ ለዩት። እናንተ «ለገዛ ሕይወቷ ዋጋ አትሰጥም» ስትሉ ይህን ነው የቀላቀላችሁት። በማርጋሬት አትዉድ «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» (1985) ኦፍግሌን በምስጢር ትታገላለች። ሊይዟት ሲመጡ ሌሎቹን አሳልፋ እንዳትሰጥ ራሷን ትሰቅላለች። ተራኪዋ ኦፍሬድ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የሚሰማት እፎይታ ነው። ከዚያ በፍርሃት ውስጥ ሆና፣ መኖር ብቻ ነው የምፈልገው፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ ትላለች። ከሁለቱ ሕይወትን የወደደችው ማን ናት? ኦፍሬድ ነፍሷን ትወዳለች፤ ማን ይፈርድባታል። ኦፍግሌን ደግሞ ሞቷን እንኳ የሰዎችን ሕይወት ለማትረፍ አዋለችው። አትዉድ ሁለቱንም ያለ ስድብ ነው ያስቀመጠቻቸው። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

የጓደኛሽ ሐሳብ፣ «ተሸንፈዋልና መጽሐፉ ሕይወት ዋጋ የለውም ይላል» የሚለው፣ ከዚህ በኋላ ብዙ አያቆየንም። የታሪክ መጨረሻና የጸሐፊ አቋም አንድ አይደሉም። ዊንስተን ቢያሸንፍ ኖሮ የእናቱ እቅፍ ዋጋ ከድሉ የመጣ ይመስለን ነበር። ኦርዌል ድሉን ሲያነሳ እቅፉ ብቻውን ቆመ። አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ የሚያዝነው የጠፋው ነገር ውድ ስለነበረ ነው። ርካሽ ነገር ሲጠፋ ማንም አያዝንም። ጓደኛሽ መጽሐፉን ስትጨርስ ከከፋት፣ መልሱ እሷው ጋ ነው።

አጻጻፉን ደግሞ አትርሱ፤ ስለ ገጸ ባሕርይ ስንጽፍ ቶሎ የምንረሳው እሱን ነው። ዊንስተን በሦስተኛ መደብ ነው የሚተረከው። የራሱን ድምፅ የምንሰማው ከማስታወሻ ደብተሩ በተቆነጸሉ ጥቂት መስመሮች ነው። እሱም ተይዞበታል። ኬቲ ግን ሙሉ መጽሐፉን ራሷ ትናገራለች። የምትናገረውም እንደ እሷ ላለ ሰው ነው፤ «እናንተ በነበራችሁበት እንዴት እንደነበር አላውቅም» እያለች። ለእኛ ለተቀባዮቹ አይደለም። ሊወሰድ የተዘጋጀ አካል ተደርጋ የታየች ሴት፣ ሩትንና ቶሚን ከነጠባያቸው፣ ከነክፋታቸው፣ ከነቀልዳቸው ታስታውሳለች። ዊንስተን ሰው ሲሰርዝ ይውላል፤ ኬቲ ሰው ስታስታውስ። ሁለቱ መጻሕፍት ፊት ለፊት የሚገናኙት በዚህ ነው። እኔ ብሆን ጽሑፌን ከዚህ እጀምር ነበር፤ ዊዘርስን የሚሰርዝበትን ምዕራፍና ኬቲ ሩት ስትሞት የምትተርክበትን ገጽ ጎን ለጎን አድርጌ። ከዚያ ቸኮሌቱንና አሲዱን ዊንስተን ላይ፣ የተረጋጉ ለጋሾችን ኬቲ ላይ አመጣለሁ። አምስት ስድስት ትዕይንት ይበቃችኋል። መጽሐፉን በሙሉ መተረክ አያስፈልግም፤ ያነበበ ሰው ነው የሚያነባችሁ።

ሦስተኛ መጽሐፍ መጨመር ካሰባችሁ የዛሚያቲንን «እኛ» ምረጡ። ዲ-503 በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱንም ይዟል። መጀመሪያ አሥር ሰው ሲቃጠል በሒሳብ የሚያልፍ ነው። በመሃል ኦ-90 የምትባል ሴት ልጅ ለመውለድ ትለምነዋለች። ለእናትነት ከተወሰነው ቁመት አሥር ሴንቲ ሜትር ስላጠረች መውለድ አይፈቀድላትም፤ ቅጣቱ ሞት ነው። እያወቀች ትወልድ ዘንድ ትመርጣለች። ወደ መጨረሻው ደግሞ እሱ ራሱ ጨንቆት፣ ምነው እንደ ጥንት ሰዎች እናት በነበረችኝ ብሎ ይመኛል። ለእሷ መሐንዲስ ያልሆንኩ፣ ቁጥር ያልሆንኩ፣ የራሷ ቁራጭ ብቻ የሆንኩ ይላል። ይህን ገጽ ከዊንስተን እናት ጋር አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ የመጨረሻውን ማስታወሻ ክፈቱ። ዲ-503 ምናብን የሚያጠፋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። የሚወዳት ሴት ፊቱ ስትሰቃይ ተቀምጦ ያያል፤ ምንም አይሰማውም። በእነዚህ ሁለት ገጾች መካከል ከእሱ የተወሰደውን ነገር በራሳችሁ ቃል ለመግለጽ ሞክሩ። እሱን ከጻፋችሁ ስለ ዊንስተንና ስለ ኬቲ የምትሉትም ይመጣላችኋል።